የማይወርደው ዘጠና ሦስት

ቡታጅራ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት። ባለሽበት በአይንድሆቨን ብርዱም ሥራውም ይለዝብልሽ፤ እኛ ከነድካማችን ደህና ነን። በስልክ ጆሮዬ እንደማይረዳኝ ታውቂያለሽ፤ እናትሽም ከሦስት ቃል በላይ ስትናገር ትንፋሿ ያጥራታል። ስለዚህ እንደ ድሮው እየጻፍኩ፣ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ሙሀመድአወል «ጋሼ ገሠሠ በስተርጅና ፖስታ ቤት ከፈቱ» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእናትሽ ሳንባ እንደነበረው ነው። የወልቂጤው ሐኪም «የኦክስጅን ማሽኑ ከአፍንጫዋ አይለይ» እንዳለው አልለየነውም። አንቺ የላክሽላት፣ ጣቷን ቆንጥጣ የደሟን ኦክስጅን የምትለካው መለኪያም ሥራዋን ይዛለች። ቁጥሩ በኮምፒውተሩ አልፎ ስልኬ ላይ ስለሚመጣ፣ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ስበይድ «ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሁለት» እያልኩ አየዋለሁ። አንቺም እዚያ ሆነሽ ታይዋለሽ። ከሰማንያ ስምንት ከወረደ ስልኩ ይጮሃል፤ እኔም ሮጬ ሄጄ የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር እከፍትላታለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ፤ ሁለቴም ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፣ ሁለቴም ተመልሳልናለች። ያቺ ቁጥር ባትኖር እናትሽ ዛሬ አትኖርም ነበር።

ችግሩ መብረቅ ነው። በዚህ ሱቅ ስንት የተቃጠለ ቴሌቪዥን እንደቀበርኩ እግዜር ያውቃል። ለደንበኛ ሁሉ የማስተምረው አንድ ነው፤ ሲያጉረመርም ገመድ ሁሉ ይነቀል፣ ከግድግዳ ብቻ ሳይሆን አንዱ ከአንዱም። ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ እናትሽ ናት። ቴሌቪዥኑን፣ የኦክስጅን ማሽኑን፣ የኮምፒውተሩን ቻርጀር፣ የመለኪያዋንም ገመድ ከኮምፒውተሩ ላይ ነቅላ፣ ጠቅልላ አልጋዋ ላይ ትደረድራለች። ጎረቤቷ መሰለች መጥታ ሲሊንደሩን ትከፍትላታለች፤ የሲሊንደሩ ቁልፍ ለእናትሽ እጅ ይጠነክራል። ነጎድጓዱ ሲያልፍ ሁሉም ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ግን የመለኪያዋ ገመድ ከተነቀለበት ጊዜ ጀምሮ ድርቅ ይላል፤ ገመዱን ብንመልስለትም አይነቃም። እኔ ሄጄ አጥፍቼ ካላበራሁት ቁጥሩ አይመጣም። እባክሽ መላ ፈልጊለት።

አጎትሽ ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገሠሠ፣ ሰላምና ጤና ከቤትዎም ከሱቅዎም አይለይ። ሙሀመድአወልን «ፖስታ ቤቱ ክፍት ይቆይ» ይበሉልኝ።

ኮምፒውተሩን አይቆጡት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በኮምፒውተሩ ዋና ሲስተምና በመለኪያዋ መካከል ቆሞ የሚያነጋግራቸው ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ድራይቨር እንለዋለን፣ የእኔ እንጀራ እሱ ነው። የእማዬን መለኪያ ድራይቨር በሁለት ቅዳሜ ስጽፈው ገመዱ በመሃል ይነቀላል ብዬ አላሰብኩም። እዚህ ሲነጉድ ተነስቶ ገመድ የሚነቅል ሰው አላየሁም። ድራይቨሩ መለኪያዋን «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይጠብቃል። መለኪያዋ ተነቅላ ሄዳለች፤ መሄዷን ግን የነገረው የለምና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሌላው ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

ደህና ድራይቨር መሣሪያው ሲነቀል የሚፈጽመው ወግ አለው። አዲስ ጠያቂ አያስገባም። ሲጠብቁ የነበሩትን ቀስቅሶ «የለችም፣ አትጠብቁ» ይላቸዋል። የመጨረሻው ጠያቂ ሳይወጣም ቤቱን አያፈርስም። አሁን ይህን ሁሉ አስገብቼበት በኢንተርኔት ልኬዋለሁ፣ እርስዎ ምንም አይንኩ። ገመዱ ሲነቀል የእርስዎም የእኔም ስልክ ይጮሃል፤ እስኪሰካ ድረስ ዝም አይልም።

እማዬን ይሳሙልኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ ሦስት ቃል ይበቃኛል።

ልጅዎ ትርሲት


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፤ እኛን ያበሰበሰን ዝናብ ለአንቺ በረከቱ ብቻ ይድረስሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ትናንት ሙዝ አምሯት ሁለት በላች።

ድራይቨርሽ ወግ አዋቂ ነው። የጻፍሽውን ሳነብላት እናትሽ «ይሄማ መርዶ ነጋሪ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ የሄደውን ሄደ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ከመጠበቅ ያወጣዋል። ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልደረቀም።

ግን ልጄ፣ መርዶው በዛ። ሐምሌ ነው እኮ! ከሰኞ እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ይህ ጆሮዬ እንኳ የሚሰማው ጩኸት ነው። ባለፈው ሐሙስ የጋለውን ብየዳ ጥዬ በዝናብ ሮጥኩ፣ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ስደርስ መሰለች ሲሊንደሩን ከፍታላታለች፤ እናትሽ ደግሞ ገመዶቿን አልጋ ላይ ደርድራ «ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?» አለችኝ። አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን ስታይ እስኪያስላት ሳቀች። ሙሀመድአወል ከወንበሬ በተነሳሁ ቁጥር «ሰማዩ ምን አለዎት?» ይለኛል። እናትሽም «ልጄን ንገራት፣ ሳልሞት ቡታጅራን አታስለቅስብኝ» ብላለች።

እባክሽ፣ ገመድ በተነቀለ ቁጥር እንዳይጮህ አድርጊው። ቁጥሯ ሲወርድ ብቻ ይጩህ። እንዲህ በከንቱ እያስሮጠኝ ከከረመ፣ የእውነቱ ቀን ሳልነሳ እንዳልቀር እፈራለሁ።

አጎትሽ ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገሠሠ፣ እርስዎም ጫማዎም ደህና ክረሙልኝ።

እውነትዎን ነው። እኔም ስብሰባ መሃል ስልኬ ሲጮህ ሁለት ጊዜ ብድግ ብዬ ወጥቻለሁ፤ በሦስተኛው አለቃዬ ፊቱን አጠቆረብኝ። ዛሬ በምሳ ሰዓት አስተካክዬ ልኬዋለሁ። ከእንግዲህ ገመዱ ሲነቀል ድራይቨሩ አይደነግጥም፣ ሰውም አያስደነግጥም፤ እስኪሰካ በእርጋታ ያሳልፈዋል። የሚጮኸው ቁጥሯ ሲወርድ ብቻ ነው። የምትቀረኝ ትንሽ ነገር አለች፣ ሥራ ሲቀልልኝ እመለስባታለሁ።

ሌላው ትልቁ ወሬ፦ ለመስቀል ቲኬት ቆርጫለሁ! መስከረም 13 አዲስ አበባ እገባለሁ። እማዬን ቀስ ብለው ይንገሯት፣ በደስታ ትንፋሿ እንዳይቆረጥ። ከዚህ የሚያስፈልጋት ምን ልያዝ?

ልጅዎ ትርሲት


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እግርሽን ደጃችን ያድርስልን።

ቀስ ብዬ ልነግራት ስል ፊቴን አይታ አወቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬውን ማን እንደሚመርጥ፣ ቆጮው ከማን ቤት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቅቤ ለክትፎ የትኛው ለራስ እንደሚሆን ከአልጋዋ ላይ ሆና በጣቷ ታዘናለች። ይህን ስጽፍልሽ አጥሚቷን ጠጥታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በእጅ ጽሑፌ እየሳቀች ተቀምጣለች። ክርኔን ነክታኝ ነው ቀለሙ እዚህ ጋ የተዝረከረከው።

ድራይቨርሽ አሁን ጨዋ ሆኗል። በዚህ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጉረመርም ቁጥሩ ፍንክች አላለም፤ እኔም ሥራዬን አልጣልኩም። ከወልቂጤ እየመጣች የምታያት ነርሷ ሲስተር ኑኃሚን «እንዲህ የማይረብሽ ነገር አይቼ አላውቅም» ብላ ፕሮግራሙን በፍላሽ ወስዳለች። ለሁለት ሕመምተኞቿ ጫነችላቸው፤ አንዱ ወልቂጤ፣ አንዱ ጉብሬ ነው። እናትሽ «ልጄ ለሀገር ተረፈች» እያለች ኮራች።

የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለስላሳው የአፍንጫ ቱቦ። የእኛው ቆዳዋን ልጦታል። አራት ያህል ያዢላት።

አጎትሽ ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገሠሠ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ቱቦውን አራት ሳይሆን አሥር ገዛሁ። ትናንት እሁድ ከእማዬ ጋር ተነጋገርን። ሦስት ቃል ነው ያለችኝ፤ «ቅቤው ደርሷል፣ ነይ»። ከዚያ ስልኩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልዘጋሁትም፤ ትንፋሿን ሰማሁት።

ወይዘሮ መሰለች ስልኩን ተቀብላ እምድብር ልጇ ዘንድ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። እሷ በሌለችበት ከነጎደ ሲሊንደሩን ማን ይከፍትላታል? እርስዎ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን ይጻፉልኝ። ያቺ የቀረችኝ ነገር አሁንም እንደቀረች ናት፣ ከመስቀል በፊት እጨርሳታለሁ። አሁን በምሳ ሰዓቴ ስልኬን ስከፍት ዘጠና ሦስት ይላል። እሱን እያየሁ ነው የምበላው።

ልጅዎ ትርሲት


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽውና ለተወደድሽው ልጃችን ለትርሲት። የቅዱሳን አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፣ ሱቁ ሥራ በዝቶበት ነው። እናትሽ ደህና ናት። አጥሚቷን ጠጥታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በእጅ ጽሑፌ እየሳቀች ተቀምጣለች። እሁድ ስልክ ያላነሳችው ሐኪሙ መናገር ስለከለከላት ነው፤ እስክትመጪ ትንፋሿን ትቆጥብ ብሏል።

ቱቦውን አታምጪ፤ እዚህ ተገኝቷል፣ በሻንጣሽ ውስጥ ቦታ አይያዝብሽ። አዲስ አበባ ስትደርሺ ብቻሽን መኪና እንዳትይዢ፤ ሙሀመድአወልና መሰለች ኤርፖርት ይጠብቁሻል። እዚያም በዚህ ሰሞን ብቻሽን አትዋይ፣ ከሀገርሽ ልጆች ጋር ሁኚ። ቁጥሩን እንደሆነ ታይዋለሽ።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ።

አጎትሽ ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገሠሠ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ።

ትናንትም እሁድ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ወይዘሮ መሰለችም አታነሳም። ብርታቱን ይስጥሽ ያሉኝ ለምኑ ነው? ምን ልሸከም ነው? ሙሀመድአወል ጨርቅ ሻጭ ነው፤ የመስቀል ገበያ በደራበት ሳምንት ሱቁን ዘግቶ የእኔን ሻንጣ ሊሸከም ነው?

ሐኪሙ መናገር ከከለከላት አትናገር። እኔ ትንፋሿ ይበቃኛል፤ ስልኩን አጠገቧ ያስቀምጡልኝ። ያም ካልሆነ አንድ ፎቶ ይላኩልኝ። ሆዴ ፈርቷል፣ አልደብቅዎትም። የሚያጽናናኝ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ዘጠና ሦስት፣ የልቧም ምት ሰባ ስምንት። ጠዋት ስነሳ ያው ነው፣ ስተኛም ያው ነው።

ልጅዎ ትርሲት


ቡታጅራ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽውና ለተወደድሽው ልጃችን ለትርሲት። መጪውን ዘመን የሰላም ያድርግልሽ።

ሆድሽ አይፍራ። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቶ ነው ፎቶ ያልላክሁት። እናትሽ ደህና ናት። አጥሚቷን ጠጥታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በእጅ ጽሑፌ እየሳቀች ተቀምጣለች። ቁጥሩን እያየሽ ተኚ። የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

አጎትሽ ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ገሠሠ፣

ካሜራው ተበላሽቷል የሚለው ደብዳቤ በዚያው ካሜራ ተነስቶ ነው የደረሰኝ።

ሦስት ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ የሐምሌ 27ን፣ የነሐሴ 19ን፣ የትናንቱን። አጥሚቷን፣ ጋቢዋን፣ ሳቋን። አንድ ፊደል አልተለወጠም። የሐምሌው ላይ ቀለሙ ተዝረክርኳል፤ እሷ ክርንዎን ስለነካችዎ ነው። ሁለቱ ላይ ግን ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ የነካዎት የለም። የተነቀለውን ነገር የመጨረሻ መልስ ይዞ ለጠየቀው ሁሉ እሱኑ የሚደግም አንድ ፕሮግራም አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በሐምሌ «በእርጋታ ያሳልፈዋል» ስልዎ ምን ማለቴ እንደሆነ አልነገርኩዎትም። ገመዱ ሲነቀል ድራይቨሩ «የለችም» ማለቱን ትቶ መጨረሻ ያየውን ቁጥር ይሰጣል። አምስት ደቂቃ ብቻ እንዲሰጥ፣ ካለፈ ግን እንዲጮህ ነበር ሐሳቤ። ያቺ የቀረችኝ ትንሽ ነገር እሷ ነበረች፤ የአምስት ደቂቃዋ ገደብ። አላስገባኋትም።

ዛሬ ፕሮግራሙ የሚይዘውን መዝገብ ከፈትኩት። ነሐሴ 14፣ በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መለኪያዋ ተነቀለች ይላል። መልሳ የተሰካችበት መስመር የለም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያየሁት ያን ዕለት የቀረውን ቁጥር ነው። መዝገቡ ሌላም ይላል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ኮምፒውተሩን ቻርጅ የሚሰካ ሰው አለ። የቤቱ ቁልፍ ያለው ከእማዬ ሌላ እርስዎ ጋ ነው።

እናቴ ሞታለች። ብቻዬን እንዳልሰማው የፈራችሁልኝን መርዶ ብቻዬን ከኮምፒውተር ላይ አነበብኩት። አልቆጣዎትም። ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ያን ቀን ስልክዎን አይተው ነበር? በስንት ሰዓት? ስንት ይል ነበር? እኔን ለማዳን ብለው አንዲት ቃል እንዳይለውጡ።

ትርሲት


ቡታጅራ፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ነሐሴ 19 ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጀመርኩ።

መሰለች በዚያ ጠዋት ወደ እምድብር ስትሄድ «አደራ» ብላኝ ነበር። «እኔ አለሁ» አልኳት። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ከዘቢዳር ተራራ በኩል አጉረመረመ። ስልኬን አየሁ፣ ዘጠና ሦስት ይላል። ሽቦ እየበየድኩ ነበር፣ ቀጠልኩ። እንደገና ሲነጉድ ጃኬቴን አንስቼ ቆምኩ። ሙሀመድአወል ስልኩን በእጄ አይቶ «ዘጠና ሦስት ነው እኮ የሚለው ጋሼ፣ ዝናቡ ይለፍ» አለኝ። በእሱ አትፍረጂ፤ መቀመጥ የፈለግሁት እኔው ነኝ። ገመዱን አልነቀለችም ይሆናል አልኩ። ወይ ሌላ ጎረቤት ሲሊንደሩን ከፍቶላታል አልኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስልኬን ሰባት ጊዜ አውጥቼ አይቻለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ዘጠና ሦስት ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሙዝ ገዝቼላት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እንዳስተማርኳት ሁሉንም ገመድ ነቅላ፣ እያንዳንዱን ጠቅልላ፣ አልጋው ላይ ደርድራዋለች። እሷ ሲሊንደሩ ሥር ነበረች። እጇ እንዳያዳልጣት ቁልፉን በነጠላዋ ጠምጥማ ልታዞረው ሞክራለች። ራሷን ሲሊንደሩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። መለኪያዋ ያለ ገመዷ ጣቷ ላይ ነበረች፣ መብራቷ ግን ጠፍቷል። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ከፊቷ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ዘጠና ሦስት።

የዚያኑ ጊዜ ገባኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ የተነቀለ ነገር እንደማይናገር አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የዕድሩ ሽማግሌዎች «ልጅቱ ለመስቀል ስትመጣ በሀገሯ፣ በሰው መካከል መርዶዋን ትረዳ» አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። እኔ ግን ከእነሱ የተለየ ሌላ ምሥጢር ነበረኝ። ሞቷን ስትሰሚ እንኳ የቁጥሩን ነገር እንዳትሰሚ ፈለግሁ። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ለምን ጠፋ ብለሽ ትመረምሪያለሽ ብዬ በየጠዋቱ የሟች ቤት ከፍቼ ቻርጅ ሰካሁ። ለአንቺ ብቻ ብዬ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። አንዳንድ ቀን ሱቄ ቁጭ ብዬ ስልኩን አየውና ለትንሽ ጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ጩኸቱን አጥፊልኝ ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ገመድ ንቀሉ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዝናብ ፈርቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያደረግሽው የለመንኩሽን ነው።

ኮምፒውተሩ አሁንም በርቷል። ላጥፋው?

ገሠሠ


አይንድሆቨን፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገሠሠ፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎ። እህትዎ ነበረች፤ ይህን ያለዎት ሰው እንደሌለ እገምታለሁ።

አያጥፉት። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሁለቱ ቤቶች ልንገርዎ። መዝገቡን ባየሁበት ቀን ሲስተር ኑኃሚን ጋ ደውዬ የወልቂጤውንና የጉብሬውን ድራይቨር አስተካከልኩ። የአምስት ደቂቃዋ ገደብ አጭር ናት፤ ጽፌ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይህን መቼም አልረሳውም። የወልቂጤው ዝም አለ። የጉብሬው ግን በአምስተኛው ደቂቃ መጮህ ጀመረ። ኑኃሚን በባጃጅ ሄዳ ስትደርስ መለኪያቸው ከተነቀለ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ስክሪኑ ዘጠና አምስት ይል ነበር። ሰካችው፣ ሰማንያ አንድ ሆነ። ሕመምተኛው ሽማግሌ ተርፈዋል። እርስዎን ለማጽናናት አይደለም የምጽፈው። እማዬ የሞተችው ሩብ ሰዓት ስላልሰጠሁ መሆኑን ሁለታችንም አውቀን እንኑር ብዬ ነው።

ጥፋቱንም ከእኔ ላይ ቀምተው አይውሰዱብኝ። እርስዎ ጩኸቱ እንዲቀንስ ጠየቁኝ እንጂ እንዲዋሽ አልጠየቁኝም። መዋሸቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከስብሰባ መነሳት ሰልችቶኝ።

የእማዬ ኮምፒውተር ግን አሁንም በድሮው ፕሮግራም ላይ ነው። እሁድ መስከረም 11፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በእናንተ አራት ሰዓት ላይ አዲሱን እልክለታለሁ። ከዚያ በፊት ወይዘሮ መሰለችን፣ ሙሀመድአወልን፣ የዕድሩን ሰዎች እማዬ ቤት ይሰብስቡልኝ። እኔም እዚህ እንዳዘዙኝ ከሀገሬ ልጆች ጋር እሆናለሁ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ የእርስዎም የእኔም ስልክ ይጮሃል። እንዳይሮጡ። የሚለውን ብሎ ይጨርስ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን በእጅዎ ያጥፉት።

ልጅዎ ትርሲት


ቡታጅራ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት። አንቺም ብቻሽን እንዳልነበርሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያልሽውን አደረግን። ቤቱ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል። ስልኩን አልጋዋ ላይ፣ ገመዶቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ለሁሉም የቁጥሩን ነገር ነገርኳቸው፤ የእኔንም የአንቺንም፣ ሳልደብቅ። እስከዚያ ድረስ ስልኩ ዘጠና ሦስት ይል ነበር።

ከዚያ ጮኸ። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት። ማንም አልሮጠም። መጀመሪያ ያለቀሰው ሙሀመድአወል ነው፣ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ። ከዚያ መሰለች ጮኸች፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ቁጥሩ ከስልኩ ላይ ጠፍቶ በእሱ ቦታ አንቺ የጻፍሽው መጣ፤ «የለችም፣ አትጠብቁ»። ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንዳልሽኝ በእጄ አጠፋሁት።

ማክሰኞ ኤርፖርት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ሙሀመድአወል ሱቁን ይጠብቃል። ለአንቺ ያስቀመጠችው ቅቤ ከነዕቃው ጓዳ አለ፣ ማንም አልነካውም። ስለ እናትሽ የጻፍኩትን እየደገምኩ ካታለልኩሽ በኋላ ይህን መጠየቅ አይገባኝም ነበር። አንድ ጊዜ ግን ፍቀጂልኝ፣ እያወቅሽው የእሷን ሦስት ቃል ልድገመው። ቅቤው ደርሷል፣ ነይ።

አጎትሽ ገሠሠ